የሄሊኮፕተር ጥገና ሥልጠና፡- ለባለንብረቱ ወጪ ነው ወይስ ቁጠባ?

በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከሚገኙት ወረዳዎች አንዷ ዝቋላ ናት። ወረዳዋ የሰቆጣ ጎረቤት ስትሆን በተከዜ ተፋሰስ ገደላማና ሸንተረር የበዛበት መልክዓ ምድር ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ዓይነቱ አካባቢ በካርታ ላይ ተቀራርበው የሚታዩ ሁለት መንደሮች በእግር ሲኬድ በገደልና በወንዝ የተለያዩ ሆነው ይገኛሉ። ክረምት ገብቶ ወንዝ በሞላ ጊዜ ደግሞ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀናት የሚቆጠር ይሆናል።

እንዲህ ባለው ሥፍራ ሄሊኮፕተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። መድኃኒትና የምግብ እርዳታ ለማድረስ፣ የተጎዳ ሰው ለማንሳት፣ የአንበጣ መንጋ ለማሰስና ለመሰል አስቸኳይ ተግባራት ሌላ አማራጭ የማይገኝበት ወቅት አለ። ይሁን እንጂ ሄሊኮፕተር አገልግሎት የሚሰጠው ለመብረር ብቁ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። በተጠራበት ዕለት በብልሽት የቆመ ሄሊኮፕተር፣ ለባለንብረቱ ወጪ ከመሆን አልፎ ለሚጠብቀው ሕዝብ እንደሌለ ይቆጠራል።

ዝቋላ የሚለው ስም ሲነሳ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስታውሰው በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለውን የዝቋላ ተራራ ነው። ቢሾፍቱ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዋና መናኸሪያና ለረጅም ዘመናት የአገሪቱ የሄሊኮፕተር ጥገና ሙያ የተከማቸባት ከተማ ናት። የስሞቹ መመሳሰል የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም አንድ ቁም ነገር ያስገነዝባል። ሙያው በአንዱ ዝቋላ ግርጌ ሲገኝ፣ አገልግሎቱ የሚፈለገው በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው በሌላው ዝቋላ ነው። ይህን ርቀት የሚያጠበው ከሄሊኮፕተሩ ጋር አብሮ የሚጓዝ፣ ዕውቀቱ የተመሰከረለት የጥገና ባለሙያ ነው።

በመሆኑም ሄሊኮፕተር የሚገዙ፣ የሚያስተዳድሩ ወይም የሚከራዩ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች በተደጋጋሚ የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ለጥገና ባለሙያዎች ሙያዊ ሥልጠና የሚወጣው ገንዘብ ለባለንብረቱ የሚመልሰው ጥቅም አለ ወይ? የሚል ነው።

ከ1977ቱ ድርቅ የተገኘ ትምህርት

በ1977 ዓ.ም. በአገሪቱ ሰሜናዊ ክፍል በደረሰው ድርቅና ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች መካከል በጊዜው በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረው ዋግ አንዱ ነበር። መኪና ሊደርስባቸው ለማይችሉ ደጋማ ቦታዎች የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጭነት አውሮፕላኖች እህል ከአየር ላይ ዝቅ ብለው ይጥሉ እንደነበር ይታወሳል። በዚሁ ዘመቻ ከተሳተፉት መካከል 3 ሚ-8 ሄሊኮፕተሮችን ይዞ የመጣው የፖላንድ የእርዳታ ቡድን ይገኝበታል። ሄሊኮፕተሮቹ እርዳታ ከማመላለስ በተጨማሪ አውሮፕላኖቹ እህል የሚጥሉባቸውን ሥፍራዎች በማዘጋጀት ረገድ ድጋፍ ሰጥተዋል።

ከጥገና አኳያ ሲታይ ትኩረት የሚስበው ቡድኑ አብራሪዎችን ብቻ ይዞ አለመምጣቱ ነው። ዓይነቱን የሚያውቁ የራሱ ቴክኒሽያኖች አብረውት ነበሩ። ከአገሩ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በአቧራና በከፍታ ቦታ ለወራት የሚሠራ ሄሊኮፕተር ያለ እነርሱ ሊዘልቅ እንደማይችል አስቀድሞ የታሰበበት ጉዳይ ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎም ኢትዮጵያ ሌላ ትምህርት አግኝታለች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነበረው ወታደራዊ የአቪዬሽን ግንኙነት በአብዛኛው ከምዕራባውያን ጋር በመሆኑ እንደ ዩኤች-1 ያሉ የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች በአገልግሎት ላይ ነበሩ። ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሚ-8 እና ሚ-24ን የመሳሰሉ የሶቪየት ኅብረት ሥሪቶች ተተክተዋል። የሄሊኮፕተሩ ዓይነት ሲለወጥ የጥገና መመሪያው፣ መለዋወጫው፣ የመለኪያ መሣሪያውና የአሠራር ልማዱ አብረው ይለወጣሉ። በአንዱ ዓይነት የተካነ መካኒክ ለሌላው እንደገና መሠልጠን ይኖርበታል። ሄሊኮፕተር የሚገዛ ባለንብረት ከመሣሪያው ጋር ሙያውንም እንደሚገዛ ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ሄሊኮፕተር ለምን የተለየ ባለሙያ ይሻል?

የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር ጥገና መሠረታዊ ዕውቀቶች በብዙ መልኩ አንድ ናቸው። የሞተር፣ የሃይድሮሊክ፣ የኤሌክትሪክና የብረታ ብረት ትምህርት ለሁለቱም ያገለግላል። ልዩነቱ የሚመጣው በሽክርክሪቱ ላይ ነው። የአውሮፕላን ክንፍ አካሉ ላይ ተጣብቆ ሲኖር፣ የሄሊኮፕተር ክንፍ ግን በበረራ ላይ ያለማቋረጥ የሚዞር ሮተር ነው። የሞተሩን ኃይል ወደ ሮተሩ የሚያደርሰው ዋናው የማርሽ ሳጥን፣ የሮተሩ ዘንግና የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ሌት ተቀን የማይቋረጥ ንዝረት የሚሸከሙ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ምትክ የላቸውም። አንድ ሞተር ቢጠፋ ባለ ሁለት ሞተር ሄሊኮፕተር በሌላው ሊበር ይችላል፤ ዋናው የማርሽ ሳጥን ከተሰበረ ግን ሁለተኛ የለም።

በዚህ የተነሳ ብዙዎቹ ወሳኝ ክፍሎች ብልሽት ባይታይባቸውም እንኳ የተወሰነ የበረራ ሰዓት ሲሞላቸው የሚወገዱ ናቸው። ባለሙያው ሰዓታቸውን በመዝገብ መከታተል፣ ንዝረትን በመሣሪያ ለክቶ መተርጎም፣ በማርሽ ሳጥኑ ዘይት ውስጥ በተተከለው ማግኔት ላይ የተያዘች የብረት ቅንጣት ከየት እንደመጣች ለይቶ ማወቅ ይጠበቅበታል። ይህ በልምድ ብቻ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም።

የአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ሁኔታ ደግሞ ሥራውን የበለጠ ያከብደዋል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ2 ሺህ 200 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ሙቀት ሲጨመርበት የበለጠ ይሳሳል። በሳሳ አየር ሮተሩ የሚያነሳው ክብደት ስለሚቀንስ ሞተሩ ከአቅሙ ጣሪያ አጠገብ ይሠራል። በዝቅተኛ ቦታ ብዙም የማይታወቅ የሞተር መድከም እዚህ ላይ ጭነት እስከማስቀረት ወይም አደጋ እስከማድረስ ይደርሳል። ባልተነጠፈ መሬት ላይ ሲያርፍ የሚነሳው አቧራ የሞተሩን የውስጥ ክፍልና የሮተሩን ጠርዝ ይበላል። የሠለጠነ ባለሙያ የሞተሩን ኃይል በየጊዜው እየለካ መዳከሙን አስቀድሞ ይደርስበታል፤ በወቅቱ በማጠብና በማጽዳትም ዕድሜውን ያራዝማል። ያልሠለጠነው ግን ችግሩን የሚያውቀው ሄሊኮፕተሩ አልነሳም ሲል ነው።

ሥልጠናው ምንን ያካትታል?

ሥልጠናው በአጠቃላይ በሦስት ደረጃ ይከፈላል። የመጀመሪያው መሠረታዊ የሙያ ሥልጠና ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ባለ ተርባይን ሞተር ሄሊኮፕተር ላይ ለሚሠራ ቴክኒሽያን የሚሰጠው መሠረታዊ ኮርስ 2 ሺህ 400 ሰዓት የሚወስድ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም የተግባር ልምድ ይጠየቃል። ሁለተኛው ባለሙያው የሚጠግነውን ሄሊኮፕተር ለይቶ የሚያስተምረው የዓይነት ሥልጠና ነው። ሦስተኛው ዕውቀት የሚያድስ ተከታታይ ሥልጠና ሲሆን፣ የአምራቹን አዳዲስ ማሳሰቢያዎችና የሰው ልጅ በሥራ ላይ ስህተት የሚፈጽምባቸውን ምክንያቶች ይመለከታል።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት ለጥገና ባለሙያ ሙሉ ፈቃድ የ4 ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ተቀባይነት ያለው ሥልጠና ላጠናቀቀ ግን ይህ ወደ 2 ዓመት ዝቅ ይላል። ሥልጠና ለባለንብረቱ የ2 ዓመት ጊዜ ይቆጥባል ማለት ነው። በሌላ በኩል ባለፈቃዱ ባለፉት 24 ወራት ውስጥ ቢያንስ ለ6 ወራት በሙያው ካልሠራ በፈቃዱ የመገልገል መብቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ሠልጥኖ የተቀመጠ ባለሙያ ከጊዜ በኋላ እንዳልሠለጠነ ይቆጠራል።

በአገራችን ለሲቪል አቪዬሽን የጥገና ባለሙያዎች ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የቺካጎ ስምምነት መሠረት ለወታደራዊ፣ ለጉምሩክና ለፖሊስ አገልግሎት የሚውሉ በራሪ መሣሪያዎች የመንግሥት ተብለው ስለሚቆጠሩ ከስምምነቱ ውጪ ናቸው። ሕጉ ባያስገድዳቸውም ብረት በንዝረት የሚደክመው ግን ለሁሉም እኩል ነው። ስለዚህ የመንግሥት ሄሊኮፕተር የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት የሲቪሉን መስፈርት እንደ ዝቅተኛ መለኪያ ቢወስደው ይጠቀማል።

የወጪው ስሌት

የሥልጠና ወጪ በበጀት ሰነድ ላይ በግልጽ የሚታይ ነው። የኮርሱ ክፍያ፣ የጉዞና የውሎ አበል፣ ባለሙያው ከሥራ የሚለይበት ጊዜ በአንድ የበጀት ርዕስ ሥር ይመዘገባሉ። ሥልጠና ባለመኖሩ የሚመጣው ወጪ ግን የሚታየው ተበታትኖ ነው። ከውጭ አገር የሚጠራ ቴክኒሽያን ክፍያ በአማካሪ አገልግሎት፣ ችግሩን መለየት ባለመቻሉ በግምት የሚቀየረው ውድ ዕቃ በመለዋወጫ፣ ሄሊኮፕተሩ ቆሞ ሳለ የሚከፈለው ኢንሹራንስና ደመወዝ በመደበኛ ወጪ፣ ምትክ ኪራይ ደግሞ በሌላ ርዕስ ይያዛል። ስለሆነም በዓመቱ መጨረሻ ሥልጠናን የሰረዘ ኃላፊ የቆጠበ መስሎ ሊታይ ይችላል። ትክክለኛው ስሌት የሚገኘው እነዚህ ርዕሶች በአንድ ገጽ ላይ ሲደመሩ ነው።

ሌላው የማይታይ ወጪ የጊዜ ነው። በዓለም ላይ በብዛት ከተሸጡት ቀላል ሄሊኮፕተሮች አንዱ የሆነውን ሮቢንሰን አር-44ን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። አምራቹ ሄሊኮፕተሩ 2 ሺህ 200 ሰዓት ሲበር ወይም 12 ዓመት ሲሞላው፣ ከሁለቱ በቀደመው አጠቃላይ እድሳት እንዲደረግለት ያዛል። 2 ሺህ 200 ሰዓት ለ12 ዓመት ሲካፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ይሆናል። በመሆኑም ሄሊኮፕተሩ የውጭ ቴክኒሽያን እየጠበቀ ለ60 ቀናት ቢቆም፣ ባለንብረቱ አስቀድሞ ከከፈለበት ዕድሜ 30 የበረራ ሰዓት ያህል ሳይጠቀምበት ሊያልፍ ይችላል። የቆመ ሄሊኮፕተር አያረጅም የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም።

ከባለንብረቱ ሒሳብ ውጪ የሚቆጠር ኪሳራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የተከሰተው የበረሃ አንበጣ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚገልጸው መንጋው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ሳይሆን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሰፈረ መንጋም በአንድ ቀን 35 ሺህ ሰዎች የሚመገቡትን ያህል ሊያወድም ይችላል። ማታ ያረፈበት ቦታ የታወቀ መንጋ ጠዋት ፀሐይ ሞቃ ከመነሳቱ በፊት ካልተደረሰበት ሌላ ወረዳ ይገባል። በዚያች ጠዋት በትንሽ ብልሽት የቀረ የአሰሳ ሄሊኮፕተር ያስከተለው ጉዳት በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የሚሰፍረው በገበሬው ማሳ ላይ ነው።

በአንዲት ዳዶ የተከፈለ ዋጋ

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 2011 በአሜሪካ ላስ ቬጋስ አቅራቢያ አንድ የጉብኝት ሄሊኮፕተር ተከስክሶ አብራሪውና አራቱ መንገደኞች ሕይወታቸው አልፏል። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ፣ አደጋው ከመድረሱ አንድ ቀን አስቀድሞ በተካሄደ ጥገና መወገድ የነበረባት ያገለገለች ዳዶ ተመልሳ መታሰሯንና ዳዶዋን የምትቆልፈው ፒን በትክክል አለመግባቷን ወይም ጭራሹኑ አለመኖሯን አረጋግጧል። ከጥገናው በኋላ የተደረገው ፍተሻም ስህተቱን አላገኘም። ቦርዱ የመካኒኩንና የተቆጣጣሪውን ድካም እንደ አስተዋጽኦ በመጥቀስ ለጥገና ሠራተኞች በሰው ልጅ የሥራ ባሕርይ ላይ ሥልጠና እንዲሰጥ አሳስቧል።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ባሕር ላይ ሲኮርስኪ ኤስ-92 ሄሊኮፕተር ወድቆ ከተሳፈሩት 18 ሰዎች 17ቱ ሞተዋል። መነሻው የማርሽ ሳጥኑን የዘይት ማጣሪያ ከያዙት ማሰሪያ ብሎኖች ሁለቱ መበጠሳቸው ነበር። ተመሳሳይ ብልሽት ከወራት በፊት በአውስትራሊያ ደርሶ ስለነበር አምራቹ ብሎኖቹ እንዲፈተሹ በጥገና መመሪያው ላይ ጨምሯል። የካናዳ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት ግን ይህ ፍተሻ በሚገባ ባለመተግበሩ የተጎዱት ብሎኖች ሳይታወቁና ሳይቀየሩ ቀርተዋል።

ሁለቱ አጋጣሚዎች ስለ ሥልጠና ሁለት ነገር ያስተምራሉ። በአንድ በኩል፣ ሚሊዮኖች የሚያወጣ ሄሊኮፕተርና የሰው ሕይወት በአነስተኛ ዋጋ በሚገዛ ዕቃ ትክክለኛ አያያዝ ላይ የተንጠለጠሉ መሆናቸውን ያሳያሉ። በሌላ በኩል፣ አደጋዎቹ የደረሱት የሙያ ሥልጠና በተስፋፋባቸው አገሮች ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተገኘ ፈቃድ ብቻውን ዋስትና ሊሆን አይችልም። አዳዲስ መመሪያዎችን የሚያደርስ ተከታታይ ሥልጠና፣ ነጻ የሆነ ሁለተኛ ፍተሻና በቂ ዕረፍት አብረው ካልተሟሉ የመጀመሪያው ሥልጠና ዋጋውን ያጣል።

የባለንብረቶች ስጋትና ምላሹ

ባለንብረቶች ሥልጠናን የሚያመነቱት ያለምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው ስጋት የሠለጠነው ባለሙያ ይለቃል የሚለው ነው። የአቪዬሽን ጥገና ፈቃድ በዓለም ገበያ ተፈላጊ በመሆኑ ስጋቱ እውነትነት አለው። የአገልግሎት ግዴታ ውል ማስፈረም የተለመደ መፍትሔ ሲሆን፣ ውል ብቻውን ግን ባለሙያን በሥራው ደስተኛ አያደርግም። ከፈቃዱ ጋር የሚያድግ የደመወዝ እርከንና ሙያውን የሚጠቀምበት በቂ ሥራ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው ስጋት፣ አንድ ወይም ሁለት ሄሊኮፕተር ላለው ድርጅት ሙሉ የጥገና ክፍል ማቋቋም አያዋጣም የሚለው ነው። ይህም ትክክል ነው። ሦስተኛው፣ ባለሙያው ሠልጥኖ ሲመለስ ልዩ መሣሪያውና ወቅታዊው የጥገና መመሪያ አይገኝም የሚለው ሲሆን፣ ይህ የሥልጠናው ሳይሆን የዕቅዱ ጉድለት ነው።

ከእነዚህ ስጋቶች የሚነሳው ድምዳሜ ሥልጠና አያስፈልግም የሚል ሳይሆን፣ ማን ምን ያህል ይሠልጥን የሚለውን መለየት ያስፈልጋል የሚል ነው። ከዚህ አኳያ ወጪውን በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

አንደኛ፣ ሄሊኮፕተሩን የሚያስተዳድረው ኃላፊ መካኒክ መሆን ባይጠበቅበትም የጥገና መዝገብ ማንበብና የትኛው ክፍል መቼ ዕድሜው እንደሚያበቃ ማወቅ አለበት። ለዚህ የሚበቃው አጭር ሥልጠና ሲሆን፣ ያለዕቅድ የሚመጣ ግዢን በማስቀረት ብቻ ወጪውን ሊመልስ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከሄሊኮፕተሩ ጋር ወደ መስክ የሚወጡ ቴክኒሽያኖች የዓይነት ሥልጠና ሊያገኙ ይገባል። የዕለት ፍተሻ የሚያደርጉት፣ ብልሽትን ለይተው መብረር ይችላል ወይም አይችልም የሚሉት እነርሱ ናቸው። ሄሊኮፕተሩ እንደ ዝቋላ ባለ ሥፍራ በሚቆምበት ጊዜ ውሳኔው በስልክ ከሩቅ የሚሰጥ አይሆንም። በመሆኑም የሄሊኮፕተሩ ቁጥር አንድም ቢሆን ይህ ወጪ አዋጪ ነው። አንድ ባለሙያ ቢታመም ወይም ቢለቅ ሥራው እንዳይቆም፣ እንዲሁም ሁለተኛ ፍተሻ እንዲኖር ከአንድ በላይ ሰው ማሠልጠን ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ሞተርና የማርሽ ሳጥን ፈትቶ የማደስ ከባድ ጥገና ልዩ መሣሪያና ተከታታይ ሥራ የሚሻ ስለሆነ ጥቂት ሄሊኮፕተር ላለው ባለንብረት አያዋጣም። ይህን ፈቃድ ላለው የጥገና ድርጅት በውል መስጠት ወይም ተመሳሳይ ዓይነት ያላቸው መሥሪያ ቤቶች በጋራ እንዲያከናውኑት ማድረግ ይሻላል።

ለዓመታት ለራሱና ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ቴክኒሽያኖችን ሲያሠለጥን በቆየው የኢትዮጵያ አየር መንገድና በቢሾፍቱ በአየር ኃይሉ ውስጥ የተካበተው ልምድ ለዚህ መነሻ የሚሆን አቅም ነው። መሠረታዊውን ዕውቀት ያገኘ የአውሮፕላን ቴክኒሽያን የሄሊኮፕተሩን ልዩ ትምህርት ብቻ ጨምሮ እንዲሠለጥን ማድረግ ከመነሻው ከማስተማር ይልቅ ጊዜና የውጭ ምንዛሪ ይቆጥባል።

ከሁሉም በላይ የሥልጠና ጉዳይ መነሳት ያለበት ሄሊኮፕተሩ ከተገዛ በኋላ ሳይሆን የግዢ ውሉ ሲዘጋጅ ነው። የሚሠለጥኑ ባለሙያዎች ቁጥር፣ የጥገና መመሪያዎችን በየጊዜው የማግኘት መብት፣ ልዩ መሣሪያዎችና የመጀመሪያ መለዋወጫዎች በውሉ ውስጥ ሊካተቱ ይገባል። ገዢው የመደራደር አቅም የሚኖረው ከመፈረሙ በፊት ነውና።

ሥልጠና ለባለንብረቱ የሚመልሰው ጥቅም የሚለካው በተሰጠው የምስክር ወረቀት ብዛት አይደለም። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ፣ በጀት የሚያጸድቅ ወይም የሥልጠና ዕቅድ የሚገመግም ኃላፊ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ሄሊኮፕተሩ በዓመቱ ውስጥ ከተጠራባቸው ቀናት ስንቱን ተነሳ? የቀረባቸው ቀናትስ በምን ምክንያት ነው? የሚለውን ነው። ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ የሚገኝበት መሥሪያ ቤት የሥልጠና ወጪውን በወቅቱ የከፈለ ሲሆን፣ ያልከፈለው ደግሞ በሌላ ስምና በበለጠ ዋጋ መክፈሉ አይቀርም።